ከፍታ የሚያስፈራው ሰው በሽቦ ገመድ ላይ የሚራመዱትን በፊልም እንዴት ይመልከት?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የተመላለሰ ሰው ሁሉ ደንገጎን ያውቃል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከሞቃቷ ከተማችን ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ገደሉ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይከፈታል። ከፍታ የሚያስፈራን ሰዎችም መኪናው ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ከመስኮት የራቀውን ወንበር እንሻማለን። እኔ ለብዙ ዓመታት ይህን መንገድ የወጣሁት የሾፌሩን ጀርባ ብቻ እያየሁ ነው። በደንገጎ የሚከዳኝ ጉልበት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጬም ይከዳኝ ነበር፤ በቴሌቪዥን አንድ ሰው በሁለት ሕንፃዎች መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ ሲራመድ ባየሁ ቁጥር መዳፌ በላብ ይርሳል፣ እግሬ ይብረከረካል።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ትርዒት እያየን ሳለ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «ወደቀ!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው አልወደቀም ነበር፤ እኔ ግን አግዳሚውን ጥዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ፤ ከዚያም በኋላ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ በገመድ ላይ የሚራመድ ሰው ባለበት ፊልም ፊት ለመቀመጥ አልደፈርኩም። በኋላ ግን ነገሩ ቆጨኝ፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ሰው በሰውነቱ ሊሠራ ከሚችላቸው እጅግ ከተጠኑና እጅግ ከሚያምሩ ነገሮች አንዱ ነው፤ እኔም ያን ውበት ያጣሁት በፍርሃቴ ምክንያት ብቻ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ለማየት እስክበቃ ድረስ የጠቀመኝን መንገድ ነው። ዓላማው ፍርሃቱን ከሥሩ መንቀል አይደለም፤ ፍርሃቱ አብሮን ተቀምጦም ቢሆን ፊልሙን አይቶ መጨረስ ነው።

በመጀመሪያ ሰውነትዎ ለምን እንደሚታለል ይረዱ

ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆመው በሦስት ነገሮች ትብብር ነው፤ በውስጠኛው ጆሮ ባለው የሚዛን አካል፣ ከእግር መርገጫ፣ ከመገጣጠሚያዎችና ከጡንቻዎች በሚመጣው ስሜት፣ እንዲሁም በዓይን። ዓይን ሰውነታችን መወዛወዙን የሚያውቀው በአቅራቢያችን ያሉ ነገሮች ከቦታቸው ፈቀቅ ሲሉ በማየት ነው። ከገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን በቅርብ የሚያየው ነገር የለውም፤ ሁሉም ነገር ሩቅ ስለሆነ ትንሿ መወዛወዝ ለዓይን አትታወቅም፤ በዚህም የተነሣ ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ይወዛወዛል፣ ራስም ያዞራል። የካሜራው ዓይን ቁልቁል ሲያይ ዓይናችን ያንኑ ባዶ ስፍራ ይቀበላል፤ ጆሮና እግር «ተቀምጠሃል» ሲሉ ዓይን «ልትወድቅ ነው» ይላል፤ በዚህ ክርክር መካከል ደግሞ ልብ መምታቱን ያፈጥናል።

በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሊኖር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች መዳህ የጀመሩ ሕፃናትን በጠንካራ መስታወት የተሸፈነ ጥልቅ ስፍራ ባለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እናቶቻቸው ከማዶ እንዲጠሯቸው ባደረጉ ጊዜ፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ጥልቁ በሚታይበት በኩል ለማለፍ እምቢ ብለዋል። ከጥልቀት መሸሽ ገና አፋችንን ሳንፈታ አብሮን ያለ ነገር ነው። እኛ ከሌሎች የምንለየው ይህ ጠባቂ ስሜት በማያስፈልግበት ቦታም፣ ማለትም በቴሌቪዥን ፊትም፣ ስለሚነሣብን ብቻ ነው።

ክፍሉንና ሰዓቱን ያዘጋጁ

ከላይ የተባለው በተግባር የሚሰጠን ትምህርት ግልጽ ነው። ዓይንዎ በቅርብ የሚይዘው፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ መብራት አያጥፉ፤ ጨለማ ውስጥ ከማያ ገጹ በስተቀር የሚታይ ነገር ስለማይኖር ዓይን ሙሉ በሙሉ ወደ ጥልቁ ይገባል። ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ፣ ግድግዳው፣ አጠገቡ የተቀመጠው ጀበና ወይም የአበባ ማስቀመጫ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚታዩበት ርቀት ይምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በስልክ ማየት ከትልቅ ቴሌቪዥን ይሻላል፤ ሆኖም ስልኩን በእጅ ይዘው ሳይሆን በአንድ ነገር ላይ አስደግፈው ይሁን፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣልና።

አቀማመጥን በተመለከተ እኛ የምሥራቅ ሰዎች የታደልን ነን ብዬ አምናለሁ። በድሬዳዋ ቤቶች ከሰዓት በኋላ እንደምናደርገው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ፣ ጀርባን በመከዳ ወደ ግድግዳ አስደግፎ መቀመጥ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ሶፋ የተሻለ ነው፤ የሐረሪ ቤት ነደባም (በእርከን የተሠራው የቤት ውስጥ መደብ) እንዲሁ፣ ዝቅተኛውን እርከን ከመረጡ። ጀርባ፣ ዳሌና እግር በሙሉ ጠንካራ ነገር ሲነኩ ለአንጎል «መሬት ላይ ነን» የሚል መልእክት ሳያቋርጥ ይደርሰዋል። ጫማዎን ያውልቁ፤ መርገጫዎ ሲሚንቶውን ወይም ምንጣፉን ይንካ። ከፎቅ ላይ፣ በተለይም በረንዳ ላይ ሆኖ ማየት ግን ለጊዜው ይቅር።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። በድሬዳዋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሙቀት ላይ ሰውነት ያለ ፊልምም ያልበዋል፣ ልብም ይፈጥናል፤ ያኔ የሙቀቱን ላብ የፍርሃት ላብ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ስለዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ሲነሣ ይሻላል። ከሦስተኛው ቡና በኋላ ወዲያው፣ ወይም ጫት ተቅሞ ምርቃና ላይ ሆኖ ማየት ደግሞ በግልጽ የምቃወመው ነገር ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚጨምር አነቃቂ ስለሆነ፣ ሰውየው ገና ገመዱን ሳይረግጥ እርስዎ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ይደርሳሉ።

ከፍታውን ከማየትዎ በፊት ሙያውን ይወቁ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከማንኛውም ምክር በላይ የማምንበት ይህ ነው። እኔን የቀየረኝ ሰውየው የያዘውንና የረገጠውን ነገር ማወቄ ነው። ምን እንደሚያይ የማያውቅ ዓይን ጥልቁን ብቻ ያያል፤ የሚያውቅ ዓይን ግን ዘንጉን፣ ጫማውንና ወጣሪ ገመዱን ስለሚከታተል ለጥልቁ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ሆኖ ሐዲድ ላይ እጁን ዘርግቶ ያልተራመደ ያለ አይመስለኝም። አንድ እግር ከሌላው ፊት እየቀደመ፣ ሰውነት ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የግራ እጅ እየወረደ፣ ማን ሳይወርድ ብዙ ርቀት እንደሚሄድ እንወራረድ ነበር። በሽቦ ላይ የሚራመደው ሰው የሚሠራው በመሠረቱ ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ በእጆቹ ምትክ ረጅም የሚዛን ዘንግ መያዙ ነው። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፔቲ እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ዮርክ በሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ሲራመድ የያዘው ዘንግ 8 ሜትር ገደማ ርዝመትና 25 ኪሎ ገደማ ክብደት ነበረው። ይህ ክብደት ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት በትከሻው ላይ ረጅም አጣና የተሸከመ ሰው በገበያ መካከል ሊዞር ሲሞክር ይመልከቱ፤ ረጅምና ከባድ ነገር በቶሎ አይዞርም፤ ለመዞርም ለመቆምም ጊዜ ይፈጅበታል። በሽቦው ላይ ያለውም ሰው መዘንበል ሲጀምር ዘንጉ ዝንባሌውን ያዘገየዋል፤ እሱም በተገኘችው ጊዜ ዘንጉን ጥቂት አዘንብሎ ሰውነቱን ይመልሳል። ከዚህም በላይ የዘንጉ ሁለት ጫፎች ወደ ታች ስለሚጎብጡ ጠቅላላ ክብደቱ ወደ ሽቦው ይቀርባል፤ ወደ ሽቦው የቀረበ ክብደት ደግሞ ለማስተካከል ይቀላል።

ሽቦው ራሱ ከልብስ ማስጫ ገመድ ጋር የሚመሳሰል ነገር አይደለም። ከብዙ የብረት ክሮች የተገመደ፣ በሁለቱም ጫፍ በጠንካራ ነገር ላይ የታሰረና በከፍተኛ ኃይል የተወጠረ ገመድ ነው፤ ፔቲና ጓደኞቹ በድብቅ ወደ ሕንፃው ጣሪያ ያወጡት 200 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። እንዲህ ያለ ገመድ ሲረገጥ ወደ ጎን ሊወዛወዝ፣ በራሱ ዙሪያም ሊጠማዘዝ ይፈልጋል። ይህን ለመከላከል ብዙ ጊዜ ከገመዱ ወደ ጎንና ወደ ታች የሚወጡ ወጣሪ ገመዶች ይታሰሩበታል፤ የለቅሶና የሠርግ ድንኳን ሲተከል ካስማና ገመድ የሚሠሩትን ሥራ እነዚህም ይሠራሉ። ፊልሙን ሲከፍቱ በመጀመሪያ እነዚህን ይፈልጉ። ከዋናው ገመድ ወደ ጎን የተወጠሩ ቀጫጭን መስመሮች ሲታዩዎት፣ ሰውየው በባዶ አየር ላይ እንዳልቆመ፣ ሰዎች ለብዙ ጊዜ አስበው በሠሩት ነገር ላይ እንደቆመ ዓይንዎ ራሱ ይነግርዎታል። ጫማው ደግሞ ለስላሳና ስስ መርገጫ ያለው ነው፤ እግሩ ገመዱን እንደ እጅ እንዲዳስሰው።

ከማየትዎ አንድ ቀን በፊት ይህን ይሞክሩ። በግቢዎ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ አምስት ሜትር የሚሆን መስመር ያስምሩ፤ አንድ ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ወይም አጣና በሁለት እጅዎ በወገብዎ ትይዩ ይያዙ፤ ዓይንዎን ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ተክለው ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ይራመዱ። ከዚያ ያለ እንጨቱ ደግመው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ እግርዎን እያዩ ይራመዱ። ልዩነቱን ሰውነትዎ ያውቀዋል። እነዚህ ሰዎች ለምን ወደ ታች እንደማያዩ፣ ለምን ዓይናቸውን ከወዲያኛው ጫፍ እንደማይነቅሉ ማንም ሳያስረዳዎት ይገባዎታል። ሙከራው በመሬት ላይ ብቻ ይሁን፤ ልጆች ካሉም በጣሪያ፣ በግንብ ወይም ባቡር በሚያልፍበት ሐዲድ ላይ እንዳይሞክሩት አጥብቀው ያስጠንቅቁ።

በምን ይጀመር፣ በምን ይቀጠል

እኔ በንባብ መጀመርን እመክራለሁ፤ በንባብ ጊዜ ከፍታውን የሚለካው የራስ ሐሳብ ስለሆነ ሰው ከሚችለው በላይ አይወስደውም። እ.ኤ.አ. በ1859 ብሎንዲን የተባለው ፈረንሳዊ በናያጋራ ወንዝ ሸለቆ ላይ ከ300 ሜትር በላይ በሚረዝም የቃጫ ገመድ ተሻግሯል፤ በዚያው ዓመትም ሃሪ ኮልኮርድ የተባለውን ሥራ አስኪያጁን በጀርባው አዝሎ አልፏል። በ1876 ደግሞ ማሪያ ስፔልተሪኒ የተባለች ሴት በዚያው ሸለቆ ላይ እግሮቿን በቅርጫት ውስጥ አድርጋ ተሻግራለች። ብሎንዲን የሞተው በ1897 በለንደን፣ በስኳር በሽታ፣ በ72 ዓመቱ መሆኑን ሳነብ የተሰማኝን እረፍት አሁንም አስታውሳለሁ።

ቀጥሎ ፎቶግራፍ ይመጣል። ነሐሴ 1 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1974) ፔቲ ኒው ዮርክ ውስጥ በነበሩት ሁለት የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች መካከል ተራመደ። በዚያ ክረምት የእኛ አገር ሰው ጆሮ ወደ ሌላ ነገር ያዘነበለ ነበር፤ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ የቀራቸው ከአርባ ቀን ያነሰ ጊዜ ስለነበር ይህን ወሬ ልብ ያለው ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ፔቲ 24 ዓመቱ ነበር፤ ከመሬት ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ 45 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ስምንት ጊዜ ተመላለሰ፤ በገመዱ ላይ ተንበረከከ፣ በጀርባውም ተኛ። 400 ሜትር ማለት በድሬዳዋና በሐረር መካከል ካለው የከፍታ ልዩነት ከግማሽ በላይ ነው፤ እኛ በመኪና እየተጠማዘዝን የምንወጣውን እሱ በአንድ ቁልቁል ከእግሩ ሥር አደረገው።

ስለዚህ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ በጄምስ ማርሽ የተዘጋጀውና በማግሥቱ ዓመት የኦስካር ሽልማት ያገኘው «ማን ኦን ዋየር» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ለጀማሪ እጅግ የሚስማማ ነው። ምክንያቱን ልብ ይበሉ፤ ጉዞው በፊልሙ ውስጥ የሚታየው በዋነኛነት በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች ነው። ፎቶግራፍ አይወዛወዝም፤ ሰውየው በምስሉ ውስጥ ለዘላለም ቆሞ ስለሚቀር ዓይን የፈለገውን ያህል አይቶ ሊመለስ ይችላል። ከዚያም በላይ የፊልሙ ብዙው ክፍል ስለ ዝግጅቱ ነው። በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል የመጀመሪያው ቀጭን ክር የተዘረጋው በቀስትና በፍላጻ እንደነበር፣ በቀጭኑ ክር ወፍራም ገመድ፣ በወፍራሙ ገመድ ደግሞ ሽቦው እንደተሳበ ሲያዩ፣ ሐሳብዎ ከመፍራት ወደ መመርመር ያልፋል። የፔቲ ሥራ ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለነበር በፖሊስ ተይዟል፤ ክሱም በሴንትራል ፓርክ ለልጆች በነፃ ትርዒት እንዲያሳይ ተደርጎ ቀርቷል።

ይህን ያለ ችግር ካዩ በኋላ ወደ ተንቀሳቃሽ ምስል ይለፉ፤ በደኅንነት ማሰሪያ በተደረገው ይጀምሩ። ኒክ ዋለንዳ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2012 ከናያጋራ ፏፏቴ በላይ 550 ሜትር ገደማ በሚረዝም ሽቦ ላይ ከአሜሪካ ወደ ካናዳ ሲሻገር፣ ትርዒቱን ያሰራጨው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስላስገደደው ከሽቦው ጋር በማሰሪያ ተያይዞ ነበር። ማሰሪያውን በምስሉ ላይ ይፈልጉትና አንዴ ካገኙት በኋላ እንዳይጠፋዎት ያድርጉ። ማዶ ሲደርስ የድንበር ሹሞች ፓስፖርቱን ጠይቀውት ማሳየቱን እስኪያዩ ድረስ ይቆዩ።

ያለ ማሰሪያ የሄደው በቀጣዩ ዓመት፣ ጁን 23 ቀን 2013 ነው። በአሪዞና፣ በግራንድ ካንየን አካባቢ በሚገኘው በትንሹ ኮሎራዶ ወንዝ ሸለቆ ላይ 22 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ተራመደ፤ ከሥሩም ከ450 ሜትር በላይ ጥልቀት ነበር። በዚህኛው ቁልቁል የሚያይ ካሜራም ስለነበር ለጀማሪ አይሆንም፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከሁሉም በኋላ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ2015 በሮበርት ዜሜኪስ የተሠራው «ዘ ዎክ» የተባለ ልብ ወለድ ፊልም ነው። የፔቲን ታሪክ በተዋናይ የሚተርከው ይህ ፊልም ከሁሉም ያነሰ አደጋ ያለበት ሆኖ ሳለ ከሁሉም ይከብዳል። ተዋናዩ ጆሴፍ ጎርደን ሌቪት ከራሱ ከፔቲ ሥልጠና ወስዶ የተራመደው በስቱዲዮ ውስጥ፣ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ባለ ሽቦ ላይ ነው፤ ከሐረር ጁገል ግንብ ከፍታ የሚበልጥ አልነበረም። ከተማውና ጥልቁ ግን በኮምፒውተር የተሠሩ ስለሆኑ ካሜራው እውነተኛ ካሜራ ሊደርስበት በማይችለው ቦታ ሁሉ ይበርራል፤ በሦስት አውታር ምስል በትልቅ አዳራሽ ካዩት ተመልካቾች መካከል የታመሙ እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። በቤትዎ፣ በተራ ቴሌቪዥን ይመልከቱት፤ የጁገልን ግንብም ያስታውሱ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኢንተርኔት ስለ እነዚህ ሰዎች ሲፈልጉ የመውደቅ ምስሎችም አብረው ይመጣሉ። የኒክ ቅድመ አያት ካርል ዋለንዳ እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1978 በፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ከተማ በሁለት የሆቴል ሕንፃዎች መካከል ሲራመድ ወድቆ በ73 ዓመቱ ሞቷል፤ በ1962 በዲትሮይት የቤተሰቡ የሰባት ሰው ፒራሚድ ፈርሶም ሁለት ሰዎች ሞተዋል። እነዚህን ማወቅ ተገቢ ነው፤ ማየት ግን ለእኛ አያስፈልገንም። አንድ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይቀጥል አስቀድመው ይዝጉት፤ የሚያዩትንም ከዝርዝር ውስጥ እየመረጡ ሳይሆን አስቀድመው ወስነው ይክፈቱት።

በሚያዩበት ጊዜ

መጨረሻውን አስቀድመው ይወቁ። ፊልም ሲተረክ መጨረሻውን መስማት የማይወዱ ሰዎች አሉ፤ ለእኛ ግን «በሰላም ደርሷል» የሚለው ቃል ከማንኛውም ማሰሪያ ይበልጣል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ብቻ ይመልከቱ። ፍርሃትዎን ከዜሮ እስከ አስር ባለው መለኪያ ለራስዎ ይንገሩት፤ ስድስት ወይም ሰባት ከሆነ ያው ምስል ላይ ይቆዩና ያንኑ አንድ ደቂቃ ደጋግመው ይዩት። ፍርሃት እንደ ጀበና ነው፤ ገንፍሎ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በራሱ ይመለሳል። ስህተቱ ገና ሲገነፍል መዝጋት ነው፤ በጭንቀቱ ጫፍ ላይ የዘጋ ሰው ሰውነቱን የሚያስተምረው «የዳንከው ስለሸሸህ ነው» ብሎ ነው፤ በቀጣዩ ጊዜም ፍርሃቱ በርትቶ ይመጣል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ መውጣትን ለፍርሃት ሕክምና ያዋለው ጆሴፍ ዎልፒ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ሲሆን፣ ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ቁጥሩ ወደ ሦስት ሲወርድ ብቻ ወደ ሁለተኛው ደቂቃ ይለፉ። በአንድ ምሽት ሦስት ደቂቃ ካዩ በቂ ነው።

ዓይንዎ ወዴት ይሂድ? ወደ ዘንጉ ጫፍ። እኔ ይህን ያገኘሁት ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው። የዘንጉ ጫፍ በትንሹ ከፍ ዝቅ ሲል የሰውየውን ሚዛን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ካሜራው ቁልቁል ሲያይም ዘንጉ ብዙ ጊዜ ከምስሉ ስለማይወጣ ዓይን የሚይዘው ነገር አያጣም። ምስሉ ከከበደ ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ያሻግሩትና ወደ ዘንጉ ይመልሱት።

ሲተነፍሱ እስከ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያውጡ። በፍርሃት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ በራሱ ራስን ስለሚያዞር፣ ብዙ ሰው ከፍታው ያዞረው የሚመስለው ትንፋሹ አዙሮት ነው። ድምፁን ይቀንሱ፤ የአስተዋዋቂው ጩኸትና የጀርባው ሙዚቃ የተሠሩት ለማስጨነቅ ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አያጥፉት፤ ኒክ በሽቦው ላይ ሆኖ የሚጸልይበት ድምፅ መሰማት አለበት፤ ሰው መሆኑን የሚያሳስበን እሱ ነው።

ልብዎ የታመመ ከሆነ፣ ወይም ከፍታ ሳይኖርም ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ ይህን ሁሉ ከመሞከርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ የኋለኛው የጆሮ ሕመም ሊሆን ይችላል።

አብሮዎት የሚያይ ሰው ቢኖር እጅግ ጥሩ ነው፤ ሰውየውን ግን ይምረጡት። «ወደቀ!» የሚል፣ በቀልድ ትከሻ የሚገፋ ሰው ይቅር። እኔ አብሬያት የማየው አክስቴን ነው። የ2013ቱን ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «አንተ፣ ይኼ ልጅ እናት የለውም እንዴ?» አለችኝ። እናቱ ደሊላም በገመድ ላይ የምትራመድ መሆኗን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ካርል ወድቆ በሞተበት በዚያው ሳን ሁዋን ከልጇ ጋር ተራምዳ መጨረሷን ነገርኳት። አክስቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «እንግዲያው መርቃ ነዋ የላከችው» አለችና ተደላድላ ተቀመጠች፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እኔም ትንፋሼ ረዘመ።

በዚያ ጉዞ ውስጥ ነፋሱ ሲበረታ ኒክ ሁለት ጊዜ ቁጢጥ ይላል። የማያውቅ ተመልካች ያኔ የወደቀ መስሎት ይጮኻል፤ እርስዎ ግን ክብደቱን ወደ ሽቦው እያቀረበ መሆኑን ስለ ዘንጉ ከተረዱት ነገር ያውቁታል። እሱ ቁጢጥ ሲል እርስዎ ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያውጡ፤ ሲነሣ ያስገቡ። በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች እርምጃውን ያፈጥናል፤ ብዙ ሰው «በቃ ደርሷል» ብሎ ፊልሙን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። አይዝጉት። ያ ሁሉ ደቂቃ የተጨነቀው ሰውነትዎ መድረሱንም በዓይኑ ማየት አለበት። ከሽቦው ወርዶ መሬቱን ሲስም ድረስ ይቆዩ፤ ከዚያም ቶሎ አይነሡ፤ ጀርባዎን እንዳስደገፉ፣ መርገጫዎ ሲሚንቶውን እንደነካ፣ መዳፍዎ እስኪደርቅ ድረስ ይቀመጡ።